በአንድ ብልቃጥ ሁለት ቀን

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ "ሰውዬውን ምን ነካው?" እንዳትሉኝ ነው። ባለቤቴ ጽጌ "አንተ እኮ መልአክ ሊወስድህ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ" ትለኛለች። አባቴም እንዲሁ ነበር። በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ መጥቶ የጣቢያ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሲሞት ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር ያለችውን ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት እና "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት አወረሰኝ። ሱቋ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ሰዓቱም ይቆማል፤ ተረቱ ግን አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም ነበር።

ስሜ ታደለ ነው። የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ ቢሆንም ወረቀቴ የውጭ ዜጋ ነው የሚለኝ፤ የመኖሪያ ካርዴን በየጊዜው አሳድሳለሁ። ራፍል የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ሲወራ ካርዴን ደረት ኪሴ ሳልከት ዳቦ ልገዛ እንኳ አልወጣም። በዚህ ፍርሃት ያላደገ ሰው ያደረግኩት ነገር ላይገባው ይችላል። እኔም ይግባችሁ ብዬ ብቻ እንጂ ልክ ነበርኩ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ።

ሥራዬ ላይ አንድ ልማድ አለኝ። ለጥገና የመጣ ሰዓት ሁሉ ላይ ትንሽ ወረቀት በክር አስራለሁ። ወረቀቷ ላይ የባለቤቱን ስም በፈረንጅ ፊደል፣ ሰዓቱ የመጣበትን ቀን ደግሞ በቁጥር፣ አባቴ እንዳስተማረኝ እጽፋለሁ። ሰዓቱ ሲመለስ ወረቀቷን አልጥላትም፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሽቦ እሰካታለሁ። ምን ይታወቃል፣ "ሰዓቴ አልተመለሰልኝም" የሚል ቢመጣስ?

አንድ መስከረም የአባቴ የግድግዳ ሰዓት እንደ ልማዱ ቆመ። ጀርባውን ስከፍተው በማርሾቹ ጥርሶች መካከል ቀጭን ድር ተዘርግቷል፤ ጥጉ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ሸረሪት ተቀምጣለች። ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወገቧ ላይ ነጭ መቀነት የመሰለ መስመር አለ። የፊት እግሮቿ ከሌሎቹ እጥፍ ይረዝማሉ። ድሩን በወረንጦ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ሌላ ሸረሪት ቢሆን ወይ ይሮጥ ነበር ወይ ሊበላ ይመጣ ነበር። ይህቺ ግን አንድ እግሯን ክሩ ላይ አስቀምጣ ዳሰሰች፤ ጠበቀች። ደግማ ዳሰሰች፤ ጠበቀች። በሦስተኛው ነው አንድ እርምጃ የተንቀሳቀሰችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኳት። በዚህ ከተማ እንደኔ የሚያስብ ፍጡር ያገኘሁ መሰለኝ።

ሰዓቱን ሳልነካ ሦስት ቀን ተውኳት። በአራተኛው ቀን ሞታ ጥርሶቹ ላይ ወድቃ አገኘኋት። መጣል አሳዘነኝ። የመርፌ መድኃኒት በነበረባት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የሰዓት ጥርስ የማጥብበትን አልኮል አድርጌ ከተትኳት። እጄ ልማዱ ነውና ቁራጭ ወረቀት ቆርጬ ቀኑንና የካርቲየ አንድን ምልክት በእርሳስ ጻፍኩ፤ ጠቅልዬ አብሬ ከተትኩና ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አቆምኳት።

ከአራት ወር በኋላ አንዲት ወጣት ሴት የእናቷን የእጅ ሰዓት ይዛ መጣች። ወረቀቷን እስካስር ዓይኗ ብልቃጡ ላይ ወደቀ። አነሳችው፤ ወደ ብርሃኑ ዘወር አለች፤ ደጋግማ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?" አለችኝ በድሬ አማርኛ።

"ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?"

"ሥራዬ ስለሆነ ነዋ።"

"ሸረሪት ደግሞ ሥራ ሆኖ ያውቃል?"

ሳቀች። ሆዳን ትባላለች፤ ሶማሌ ናት፤ ዶክተር ናት፤ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ሸረሪትና ጊንጥ ታጠናለች። ያደገችው ካርቲየ ሰባት ከሐረርና ከድሬዳዋ በመጡ ነጋዴዎች መሃል ስለሆነ አማርኛዋ የኛው ነው፤ የድሬ አማርኛ ደግሞ አንቱታ አያበዛም። ስሟ በሶማሊኛ ሀብት ማለት መሆኑን ነገረችኝ። እኔ ግን ጆሮዬ አማራ ነውና "ሆዳም" ብሎ ሰማ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ጠርጥር አልኩ ለራሴ።

መቼ እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። "ባለፈው መስከረም" አልኳት። "መስከረም፣ ማለት ሴፕቴምበር" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቀጥላም አንድ ነገር ተናገረች።

"ጋሼ፣ እስኪታተም ድረስ ስለዚህ ነገር ለማንም እንዳትናገር። ዋላሂ ለማንም።"

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። በዚህ ከተማ የአምስት አገር ወታደር ይኖራል። አንዲት ሴት ከሱቄ የሞተ ሸረሪት አንስታ "ለማንም አትናገር" አለችኝ። ያገኘኸው አንተ መሆንህን አረጋግጥ ብላም ወረቀት አውጥታ ፈርም አለችኝ። አልፈርምም አልኩ። ብልቃጡን ልውሰደው አለች። ከዚህች ሱቅ አይወጣም አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ተናድዶ ይሄድ ነበር። እሷ ግን አሰበች፣ አሰበችና "እሺ አቦ፣ እኔ እመጣለሁ" አለች።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ጠዋት እየመጣች ማጉያዋን ከመነጽሬ ጎን ትዘረጋ ነበር። እኔ ሥራ የምሠራ መስዬ ከዓይኔ አላጠፋትም። ሸረሪት እንዴት እንደሚለይ ያወቅኩት እየሰለልኳት ነው ብል ይሻላል። ስምንት ዓይኑን ቆጥራ የትኛው ከየትኛው እንደሚርቅ ለክታ ትጽፋለች። የእግሮቹን ርዝመት በየመገጣጠሚያው ትለካለች። ከአፉ ጎን ሁለት አጫጭር እጅ የመሰሉ ነገሮች አሉት፤ ጫፋቸው አብጧል። "ወንድ ነው" አለችኝ እነሱን አሳይታ፤ እኔ እኮ እስካሁን "አንቺ" ስለው ነው የቆየሁት።

"ሁለት ሸረሪት መንታ ሊመስል ይችላል፣ ጋሼ። ዘሩን የሚለየው ይሄ ነው። የወንዱ ቁልፍ ነው፣ የሴቷ የቁልፍ ጋን ነው። ቁልፉ የተለየ ከሆነ ዘሩም የተለየ ነው።"

ይህ ገባኝ። ሰዓት ሠሪ የማይገባው ነገር ቢኖር ብዙ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ አለመግጠም ግን ይገባዋል። አንዱን እጅ ከሸረሪቱ አካል መለየት ነበረባት፤ ወረንጦዋ ግን ወፍራም ነው። "አንድ ብቻ ነው ያለን። ከተሰበረ ሌላ የለም" አለች። እኔ ወረንጦዬን አንስቼ "ዞር በይ" አልኳት። ትንፋሼን ዋጥኩና ለየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም አንድ ነገር ላይ አጎንብሰን ሳቅን።

ስንት አርብ ከመጽሐፍ የሸረሪቱን ዘመዶች ሥዕል እያገላበጠች "ይሄም አይደለም፣ ያም አይደለም" ስትል ከረመች። ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉትንም፣ ከኢትዮጵያ በኩል ያሉትንም ጨረሰች። በመጨረሻ መጽሐፉን ዘጋች።

"አዲስ ነው" አለች።

"አዲስ ማለት?"

"ስም የለውም ማለት። ማንም ጽፎት አያውቅም።"

ብልቃጡን ውጭ አገር ላሉ አዋቂ ልካ ማስመስከር ነበረባት። እንግዲህ ይሄዳል፣ አይመለስም አልኩ በልቤ፤ ግን ሳልወድ ፈቀድኩ። ከመላኳ በፊት የራሷን ወረቀት ጽፋ ከተተች፤ ያገኘው ብላ የኔን ስም አኑራለች። የኔን አሮጌ ቁራጭ ግን አላወጣችውም።

"ለምን ያን አትጥይውም?" አልኳት።

"የመጀመሪያ ወረቀት አይጣልም። ሕግ ነው። ስህተት ቢኖርበት እንኳ አብሮ ይኖራል።"

ያኔ ይህ ቃል በዚህ ጆሮዬ ገብቶ በዚያ ወጣ።

ሙቀቱ በጀመረበት በግንቦት ወር፣ በአንደኛው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነጭ መኪና ሱቄ ደጅ ቆመ። አንድ ሸበቶ ሰው ፋይል ይዞ ወረደ፤ ሆዳን ከኋላው ነበረች። ሰላም አላለችኝም። ሰውየው የተቋሙ ኃላፊ ሙሴ ኡስማን መሆኑን በፈረንሳይኛ ነገረኝና የብልቃጡን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በፈረንሳይኛው አንቱ ይለኝ ነበር፤ አንቱታው ራሱ አስፈራኝ።

"ይህን ያውቁታል?"

"ብዙ ብልቃጥ አለኝ" አልኩ።

"ውጭ አገር ያሉት አዋቂ ውስጡ ሁለት ወረቀት አግኝተዋል። አንዱ የዶክተር ሆዳን ነው፤ ሸረሪቱ ባለፈው ሴፕቴምበር ተገኘ ይላል። ሁለተኛው ፎቶው ላይ ያለው ይሄ ነው። ጃንቪየ፣ ማለት ጃንዋሪ፣ አራት ይላል፤ ዓመቱ ግን ወደ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ያኔ አንድ ሽማግሌ ተመራማሪ ነበሩን፤ ረዳታቸው እሷ ነበረች። ሰውየው ሞቱ። የሰበሰቧቸው ሸረሪቶች የነበሩበት ሳጥን ከዕቃ ቤታችን ጠፋ።"

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገውም። ከሟች ሰው ሥራ ሰርቀሽ አዲስ ወረቀት ጨመርሽበት ማለቱ ነው። ሆዳን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ስምንት ዓመት? እኔ የጻፍኩት ባለፈው መስከረም ነው። ታዲያ ወረቀቴን ማን ቀየረው? ከእሷ ሌላ ማን ነካው? ለማንም አትናገር ያለችኝ፣ ፈርም ያለችኝ፣ ስሜን ወረቀት ላይ ያኖረችው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ ገጠመልኝ። በሌባ ሥራ ስሜን አስገብታለች አልኩ።

"ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?" አለ ሰውየው። መልስ ሳልሰጥ ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ጨመረበት፤ "የመኖሪያ ካርድዎንም ላየው?"

ጽሑፉ የኔ ነው። አራት ቁጥርን አናቷን ከፍቼ የምጽፍ እኔ ነኝ፤ በሩቅ አውቃታለሁ። ግን ካርድ የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "የኔ አይደለም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አይቼውም አላውቅ።"

ሰውየው ከካርዴ ላይ ስሜን ገለበጠና መለሰልኝ። ለሆዳን "ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ይወስናል" አላት። እሷ ከሱቁ ስትወጣ ዘወር ብላ፣ እሱ እንዳይሰማ በአማርኛ፣ "ጋሼ፣ ምን አደረግኩህ?" አለችኝ። አልተቆጣችም። መልሱን በእውነት የማታውቅ ሰው እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችኝ።

በሰባት ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ከፀሐይ ሸሸ። እኔ ወደ ቤት አልሄድኩም። በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ማስረጃ ፍለጋ ጀመርኩ። ወረቀቴን መቀየሯን ላረጋግጥ ነው። በዚያ መስከረም የጻፍኳቸው ሌሎች ወረቀቶች ሽቦው ላይ አሉ፤ ሳስተያያቸው ልዩነቱ ይወጣል አልኩ። ሽቦውን አውርጄ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። በዚያው ቀን፣ ሸረሪቱ በሞተበት ቀን፣ የአንድ ሾፌር ሰዓት ተቀብዬ ነበር። ወረቀቱን አገኘሁት። አራት፣ አንድ፣ ከዚያ ዓመቱ።

ፎቶው ላይ ያየሁት ያው ነው። ምንም አልተቀየረም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ምናልባት ቀድመኸኝ ደርሰህ ይሆናል። አራት አንድ ማለት ለእኔ መስከረም አራት ነው፤ መስከረም አንደኛ ወራችን ነዋ። ዓመቱም የእኛ ዓመት ነው፤ ከፈረንጁ በሰባት ወደ ኋላ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ግን ጃንቪየ አራት ብሎ ያነበዋል፤ በድምሩ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይጥለዋል። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ስጽፍ አንድ ሰው እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።

ለምን እንዲህ እንደምጽፍም ልናዘዝ። አባቴ ሲያስተምረኝ "በኛ ቀን ጻፍ፤ ደንበኛው ሰዓቱ ስንት ቀን እንደቆየ ቆጥሮ እንዳይጨቀጭቅህ" ብሎኝ ነበር። ተንኮል ነው፤ ትንሽ የሱቅ ተንኮል። ሰው እንዳያነበው ብዬ የጻፍኩት ቀን፣ ሰው ማንበብ በነበረበት ቦታ ገብቶ የሰው ልጅ ሊያጠፋ ነው። ለደንበኞቼ የቆፈርኳት ጉድጓድ ውስጥ የገባችው ሆዳን ናት። ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ ደግሞ ሌባ ያልኳት በኔው ጽሑፍ መሆኑ ነው። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ማታ ራት ስንበላ ለጽጌ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ተናገር" አለችኝ።

"ዋሽቻለሁ እኮ። በሐሰት መሰከረ ብለው ካርዴን ቢነጥቁኝስ?"

"ካርድ ይታደሳል፤ ስም አይታደስም" አለችና ሳህኑን አነሳች።

ረቡዕ ጠዋት ካርቲየ ሰባት ሄጄ የሆዳንን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው። ያደስኩት ሰዓት እጃቸው ላይ ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ እኔ ሰውን በማይበት የጥርጣሬ ዓይን ነው ያዩኝ።

"ልጄ ሰው ማየት አትፈልግም" አሉ።

"ስለ ሥራዋ ነው፤ እውነቱን አግኝቼዋለሁ።"

ከውስጥ የሆዳን ድምፅ መጣ። "ጋሼ፣ ያን ወረቀት ፈርምልኝ ስልህ እንቢ አልከኝ። ሲጠይቁህ ካድከኝ። አሁን የኔ ነው ብትል ማን ያምንሃል? ቁጥሩን የሥራህ ቁጥር መስሎኝ ሳልጠይቅህ ያለፍኩትም እኔ ነኝ። በቃ ተወው።"

ስለ ቀኑ አቆጣጠር በበሩ ክፍተት ጮክ ብዬ ነገርኳት። እናቷ ቀስ ብለው በሩን ዘጉ። እውነት ይዤ በር ላይ መቅረት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅኩ።

ሐሙስ ጠዋት ካርዴን ደረት ኪሴ ከተትኩ፣ ሽቦውን ከነወረቀቱ በፌስታል አደረግኩ፣ ሱቄ ውስጥ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩና ሄድኩ። የኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን ያለበት ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሙሴ ኡስማን፣ አንድ ዝምተኛ ወጣት እና መነጽር ያደረጉ አንዲት ትልቅ ሴት። ሆዳን ጥግ ተቀምጣለች። ስታየኝ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ጽሑፉ የኔ ነው" አልኩ ሳልቀመጥ።

ሙሴ ኡስማን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "ማክሰኞ አይቼው አላውቅ አሉ። ዛሬ የኔ ነው ይላሉ። በመካከሉ ምን ተሰጠዎት?"

ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎችን የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። በእኔ ላይ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። የምለው ሁሉ እንደ ተከፈለበት ምስክርነት ሆነ። ካላንደሩን ዘረጋሁ፤ መስከረምን፣ ዓመቱን፣ ልዩነቱን አስረዳሁ። ሰውየው እጁን አጣምሮ አዳመጠ።

"ይሄ የአቆጣጠር ልዩነት መኖሩን ነው የሚያሳየው። እርስዎ በዚህ መጻፍዎን አያሳይም" አለ። ከዚያ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ገፋልኝ። "የዛሬን ቀን ይጻፉ። በሱቅዎ እንደሚጽፉት።"

ጻፍኩ። ቀኑ አሥራ አራት ነው፤ ወሩ ግንቦት ነውና ዘጠኝ አልኩ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ወረቀቱን ወስደው ከፎቶው ጎን አስቀመጡት። አናቷ የተከፈተች አራት ሁለቱም ላይ አለች። ሙሴ ኡስማን ግን ገና አልረካም ነበር።

"ሁለት ቀን አስበውበት ነው የመጡት። በሁለት ቀን አጻጻፍ ሊለማመዱ ይችላሉ።"

ሽቦውን ከፌስታል አወጣሁ። በመቶ የሚቆጠር ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አስተካክለው እያገላበጡ ማንበብ ጀመሩ። አንዷ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄ የኔ ስም ነው" አሉ።

ፊታቸውን አላስታወስኩትም ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ሰዓት ነው። በዚህ ከተማ ሰዓት የሚጠግን ስንት ሰው አለ?

"ሰዓቴን የላክሁት ከረመዳን በፊት ነው። እዚህ ግን ከስምንት ዓመት በፊት ይላል" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ ያን ሁሉ ሳምንት ያቆየኸው ሳላውቅብህ ነው?"

ደንበኛ እንዳይቆጥርብኝ ብዬ እንደምጽፈው በሁሉም ፊት ተናዘዝኩ። ወጣቱ ሳቁን ለመደበቅ አፉን ያዘ። ሴትዮዋ ወረቀቷን ከሽቦው አውጥተው ከፎቶው ጎን አደረጓት፤ "እኔ ይህን አልተለማመድኩትም" አሉ ለሙሴ ኡስማን።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሦስቱን ወረቀት ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማክሰኞ ለምን ዋሹ?" አለኝ።

ካርዴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ይህን ሊወስዱብኝ መስሎኝ። ካርድዎን ላየው ሲሉኝ ሌላ ነገር አልታየኝም።"

ካርዱን አነሳና አየው። "እኔ የጠየቅኩት" አለ ቀስ ብሎ፣ "ስምዎን በትክክል ለመጻፍ ነበር።" መልሶ ሰጠኝ።

የሆዳን ነገር በዚያው ተዘጋ። ሥራዋም ስሟም ተረፈ። በኮሪደሩ ግን ፊቷን አዙራ አለፈችኝ፤ እኔም ይቅርታ ሳልል ወጣሁ። ሰው ነጻ ወጣ ማለት ቁስሉ ዳነ ማለት አይደለም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ የእጅ ባትሪ ይዛ ሱቄ በር ላይ ቆመች። "አንድ ወንድ ብቻ አይበቃም። ሴቷን እንፈልግ" አለችኝ። ግድግዳዬ እንደ ሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እስከ ቀትር በባትሪ ስንፈልግ ቆየን። ከግድግዳው ሰዓት በስተጀርባ፣ አባቴ ከሰቀለው ጊዜ ጀምሮ ማንም ባልነካው ስንጥቅ ውስጥ፣ ነጭ መቀነት ያላት ሴት ተቀምጣ አገኘናት። ድሯን ነካ ሳደርገው ዳሰሰች፤ ጠበቀች። ሆዳን ትንፋሿን ይዛ አየች። "ሁልጊዜ እንዲህ ናት?" አለችኝ። "ሦስቴ ሳትጠይቅ አትንቀሳቀስም" አልኳት። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ያን ቀን ያን የፈርም ወረቀት ራሴ ጠይቄ ፈረምኩ።

ጥርጣሬን እርግፍ አድርጎ ተወ ብላችሁ እንዳታስቡ። ትናንትም አንድ ሰው "ሰዓቱ ወርቅ ነው" ሲለኝ በጥርሴ ነክሼ ነው ያመንኩት። ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ሰው ሲጠረጥር ሌላውን ብቻ ይመረምራል፣ የራሱን እጅ ጽሑፍ አይመረምርም። እናንተም አንድን ሰው ሌባ ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ሽቦ አውርዱና አንብቡ። አሁን በየሰዓቱ ላይ ሁለት ቀን እጽፋለሁ፤ የኛንም የፈረንጁንም። ደንበኞቼ ስንት ቀን እንዳቆየሁባቸው ቆጥረው ይጨቀጭቁኛል፤ እችለዋለሁ።

ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ሆዳን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የቁልፉ ሥዕል አለ፣ የስምንቱ ዓይን ሥዕል አለ። የኔ ቁራጭ ወረቀት ቃል በቃል ተገልብጧል፤ ከጎኑ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" የሚል ማብራሪያ ገብቷል። ስህተቱ እንዳለችው አብሮ ሊኖር ነው። ከላይ በላቲን የተጻፈውን የሸረሪቱን ስም አየሁ። የኔ ስም አይደለም።

"ትርጉሙን ንገሪኝ" አልኳት።

"ተጠራጣሪ" አለችኝ።

መነጽሬን አወለቅኩ። ስሙን አየሁት፣ እሷን አየኋት። "ስለ ሸረሪቷ ነው ወይስ ስለኔ?"

"ይኸውልህ" አለች ሆዳን፤ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች፤ "አንድ ጠየቅክ። ሁለት ይቀርሃል።"